የስብሰባ ዋጋና የማኅበር ጽዋ

«ምልዓተ ጉባዔው ባለመሟላቱ ስብሰባው ለሌላ ጊዜ ተላልፏል» የሚለው ማስታወቂያ በአገራችን የሙያ ማኅበራት ዘንድ እንግዳ አይደለም፡፡ ሁለተኛው ጥሪ ተደርጎ ከተገኙትም ብዙዎቹ ሻዩን ጠጥተው፣ ሪፖርቱ ሳያልቅ አንድ በአንድ ሾልከው ይወጣሉ፡፡ የማኅበራቱ መሪዎች የሚሰጡት ምክንያት ሁልጊዜ «አባላቱ ግዴለሾች ናቸው» የሚል ነው፡፡ ይሁን እንጂ ያው ግዴለሽ የተባለ አባል የዕቁብ ቀኑን አያዛንፍም፤ የእድር ጡሩንባ ሲነፋ ከቤቱ ይወጣል፤ የጽዋ ተራው ሲደርስም ጌሾና ብቅሉን ቀደም ብሎ ያዘጋጃል፡፡ በመሆኑም የችግሩ ምንጭ መፈለግ ያለበት ከሰው ጠባይ ይልቅ በስብሰባው ዋጋ ላይ ነው፡፡

ስብሰባ በነፃ የሚገኝ ዕቃ አይደለም፡፡ ለምሳሌ 60 አባላት ያሉት ማኅበር ለ3 ሰዓት ቢሰበሰብ 180 የሥራ ሰዓት ይወጣል፡፡ ይህም በቀን 8 ሰዓት ሲሰላ ከ22 የሥራ ቀናት በላይ ነው፡፡ ደመወዝተኛው ሰዓቱን መሥሪያ ቤቱ ይከፍልለታል፤ በራሱ ጉልበት የሚያድር ባለሙያ ግን ከኪሱ ያወጣል፡፡ ይህን ያህል ወጪ ተደርጎ በመጨረሻ የሚገኘው «ሪፖርቱ በጭብጨባ ጸደቀ» የሚል ቃለ ጉባዔ ብቻ ከሆነ፣ የቀረው አባል ግዴለሽ ከመባል ይልቅ ሒሳብ አዋቂ ሊባል ይገባዋል፡፡

በላሊበላ ከተማ ይህ ጉዳይ የእንጀራ ጉዳይ ነው፡፡ ከዓለት የተፈለፈሉት 11 አብያተ ክርስቲያናት በ1978 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡ ወዲህ፣ አስጎብኚው፣ ባለሆቴሉና ወደ አሸተን ማርያም መውጫ በቅሎ የሚያከራየው ሁሉ ዐይኑ ጎብኚ ላይ ነው፡፡ በ2012 ዓ.ም. የኮሮና ወረርሽኝ ገበያውን ዘጋው፡፡ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ድረስ ዘለቀ፡፡ በ2015 ዓ.ም. ክረምት ደግሞ በአማራ ክልል በተቀሰቀሰው ግጭት ሳቢያ በረራው ሳይቀር ተቋርጦ ነበር፡፡

የላሊበላ አስጎብኚዎች በማኅበር የተደራጁ ናቸው፡፡ የማኅበር ጥቅም የሚለካውም እንዲህ ባለው የችግር ወቅት ነው፡፡ ጎብኚ ሲጠፋ አንዱ አስጎብኚ ዋጋ ሰብሮ ሥራ ቢይዝ ለዕለቱ ይጠቀማል፤ በማግስቱ ባልደረባው የባሰ ይሰብራል፤ በመጨረሻም ሁሉም በኪሳራ ዋጋ ይሠራሉ፡፡ ይህን ሊገታ የሚችለው በዋጋና በተራ ላይ የሚደረስ ስምምነት ነው፡፡ ስምምነቱ ደግሞ የሚጸናው አባላት ፊት ለፊት ተያይተው ቃል ሲገባቡ ነው፡፡ ስብሰባው ባዶ ከሆነ ውሳኔው የኮሚቴው ውሳኔ ብቻ ይሆናል፤ ያልተገኘበት አባልም «እኔን አይመለከተኝም» ይላል፡፡

እንግዲህ ሰው የሚመጣበት ስብሰባ እንዴት ይዘጋጅ? ትምህርቱ ከላስታ ሰው ቤት አይርቅም፡፡ የጽዋ ማኅበር ቀኑ በወር አንድ ጊዜ በቅዱሱ መታሰቢያ ዕለት በመሆኑ ማስታወቂያ አያስፈልገውም፡፡ ለምን እንደሚገናኙ ሁሉም ያውቃል፡፡ ጠላውና ዳቦው ይቀርባል፤ የታመመ ይጠየቃል፤ የተጣላ ይታረቃል፡፡ ከመለያየታቸው በፊትም ቀጣዩ ተረኛ ጽዋውን ይረከባል፡፡ ዓላማውና ጨዋታው በአንድ ገበታ ላይ ስለሚቀርቡ የቀረ ሰው ሁለቱንም ያጣል፡፡

የሙያ ማኅበርም በመጀመሪያ ለእያንዳንዱ ስብሰባ አንድ የሚወሰን ጉዳይ ሊያስቀምጥ ይገባዋል፡፡ «ልዩ ልዩ ጉዳዮች» የሚል አጀንዳ ሰውን ከሥራው አያስነሳም፡፡ «የዘንድሮው የአገልግሎት ዋጋ ስንት ይሁን?» የሚል ጥያቄ ግን ያስነሳል፡፡ ሪፖርቱ አስቀድሞ ተባዝቶ ቢታደል የንባቡ ጊዜ ለውይይት ይተርፋል፡፡

ሁለተኛው የቀን ምርጫ ነው፡፡ በታኅሣሥ 29 የጌታ ልደት ከቅዱስ ላሊበላ ልደት ጋር ስለሚከበር፣ በዚያ ሰሞን አስጎብኚን ለጠቅላላ ጉባዔ መጥራት ነጋዴን በገበያ ቀን ሱቅህን ዝጋ እንደ ማለት ነው፡፡ ቅዳሜም የከተማዋ የገበያ ቀን ነው፡፡ በአንጻሩ የሐዋርያት ጾም በሐምሌ 5 ከተፈታ በኋላ ፍልሰታ ነሐሴ 1 ቀን እስኪገባ ያሉት ሳምንታት ጎብኚ የሚሳሳባቸው፣ ከረቡዕና ከዓርብ በቀር ገበታውም የማይከለከልባቸው ናቸው፡፡ የፀጥታው ሁኔታ በማያስተማምንበት ጊዜ ደግሞ በጠዋት ተጀምሮ በጊዜ መበተን ይኖርበታል፡፡

ሦስተኛው ደስታውን ከሙያው ማውጣት ነው፡፡ አስጎብኚዎች በአዳራሽ ወንበር ላይ ከሚያንቀላፉ ወደ ይምርሐነ ክርስቶስ ወይም ወደ ነአኩቶ ለአብ አብረው ቢጓዙ፣ አንጋፋው የሚያውቀውን ለጀማሪው ቢያካፍል፣ ከካህናቱም አንድ ሊቅ ተጋብዘው ስለ ቦታው ቢያስረዱ፣ ባለሙያው የቀኑን ዋጋ በዕውቀት ይዞ ይመለሳል፡፡ ከዚያ በኋላ የሚፈላው ቡና የውይይቱ መድረክ ይሆናል፡፡

በዚህ ላይ የሚነሳ ተቃውሞ አለ፡፡ «ኑሮ በተወደደበት ዘመን ድግስ ምን ያደርጋል? አበል ቢከፈል ይሻላል» የሚሉ አሉ፡፡ ስለ ኑሮው ውድነት የሚሉት እውነት ነው፡፡ አበል ግን ድጎማ ነው፤ ለጋሹ ድርጅት ፕሮጀክቱን ሲዘጋ ስብሰባውም አብሮ ይዘጋል፡፡ ከዚህም በላይ በፈቃዱ ሲመጣ የነበረውን ሰው ተከፋይ ያደርገዋል፤ በሚቀጥለው ጊዜ «ስንት ይከፈላል?» ብሎ ሳይጠይቅ አይነሳም፡፡ ለወጪው የሚበጀው መፍትሔ ልክ ማበጀት ነው፡፡ ቡና፣ ቆሎና ዳቦ ይበቃል፤ ከዚያ በላይ ማቅረብ በደንብ ይከልከል፡፡ አለበለዚያ ባለጸጋው ይፎካከርበታል፤ ድሃው አባል ተራው እንዳይደርስበት ፈርቶ ይሸሻል፡፡

የሥራው ሸክምም እንዲሁ መከፋፈል አለበት፡፡ «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚባለው ለዚህ ነው፡፡ ደመወዝ በሌለው ማኅበር ሊቀመንበሩ ጠሪም፣ ቃለ ጉባዔ ያዥም፣ ወንበር ደርዳሪም ከሆነ በዓመቱ ይሰለቻል፤ እሱ ሲሰለች ማኅበሩም ይበተናል፡፡ የሚቀጥለውን ስብሰባ የሚያዘጋጁ ሁለት ሦስት ተረኞች እንደ ጽዋ ተረካቢ በአባላት ፊት ኃላፊነቱን ቢወስዱ ግን አዘጋጅነት እንደ ወግ ማዕረግ ይታያል፡፡

ጎብኚው ወደ ላስታ በሙሉ ልብ የሚመለስበትን ቀን የሚወስኑት አስጎብኚዎቹ አይደሉም፡፡ በዚያ ቀን በአንድ ዋጋና በአንድ ቃል መቀበል ወይም በየማዕዘኑ እየተሻሙ መጠበቅ ግን በእጃቸው ያለ ነው፡፡ ለዚህም ዝግጅቱን መጀመር የሚቻለው የሐምሌውን ቀን ዛሬ ቆርጦ፣ ተረኞቹንም በስም ለይቶ በማስቀመጥ ነው፡፡