ከበረቱ እንማር
ገና በደረሰ ቁጥር የወልቂጤና የቡታጅራ ገበያዎች በበግ፣ በፍየልና በዶሮ ይጨናነቃሉ። ላት እንዳብሳለን፣ በዋጋ እንከራከራለን፤ እንስሳት በበዓሉ ታሪክ ውስጥ ምን ቦታ እንዳላቸው የሚያስብ ግን ጥቂት ነው። የሉቃስ ወንጌል ሕፃኑ በግርግም መተኛቱን ይነግረናል እንጂ በሬና አህያ አያነሳም። ሁለቱን ከልደቱ ሥዕል ጋር ያስተሳሰራቸው የነቢዩ ኢሳይያስ ወቀሳ ነው፤ በሬ ገዢውን፣ አህያም የጌታውን ጋጣ ሲያውቁ ሕዝቡ ግን አላስተዋለም ይላል (ምዕ. 1፥3)። የእኛ ትውፊት ደግሞ እንስሳቱ ሕፃኑን በትንፋሻቸው አሞቁት ይላል። ይህን ለመረዳት ጉራጌ ሩቅ መሄድ አያሻውም፤ በገጠሩ ባህላዊ ቤት ከብቱ ማታ ከሰው ጋር በአንድ ጣሪያ ሥር ያድራል፣ ቤቱን ያሞቃል፣ ጠዋት የሚዛቀው እበትም እንሰቱን ያፋፋል። የበረቱ ትምህርት ግልጽ ነው፤ እንስሳቱ ያላቸውን ሰጡ፣ ትንፋሻቸውንና የሚበሉበትን ግርግም። እኛስ? ከኅዳር 15 ጀምረን ጾመን፣ በበዓሉ ዋዜማ ዶሮን እግሯን አስረን ቁልቁል ካንጠለጠልን፣ አህያን ከአቅሟ በላይ ጭነን ከደበደብን፣ ለተቸገረ ጎረቤትም በራችንን ከዘጋን፣ ጾማችን የሆድ ብቻ ነበር። እንግዲህ ወገኖቼ፣ ዘንድሮ የአህያዋን ጭነት አቅልሉ፤ ከቅርጫውም ለሌለው ሰው አንድ መደብ አስቀሩለት።