«የእጮኛዬን ብር ድንች ላይ ላውለው?»

ሰሞኑን ከደረሱኝ ደብዳቤዎች አንዱ ከወደ ዘንገና የመጣ ነው። አዎ፣ ያቺ እንጅባራ አጠገብ፣ በአዲስ አበባና ባሕር ዳር መንገድ ዳር ያለችው ሐይቅ! መኪና አቁመን ፎቶ ተነስተን ከማለፍ በቀር እዚያ ስለሚኖረው ሰው ስንቶቻችን ጠይቀን እናውቃለን? ጸሐፊው ስሜ እንዳይወጣ ብሎ አደራ ብሎኛል። እነሆ አሳጥሬ፦

«ዕድሜዬ 26 ነው። በእጽዋት ሳይንስ በዲግሪ ተመርቄ ሦስት ዓመት ያለ ሥራ ተቀምጫለሁ። አሁን አምስት ሆነን ተደራጅተን የተሻሻለ የድንች ዘር አባዝተን ለመሸጥ አስበናል። ‹መንግሥት ለእንዲህ ያለው ሥራ ገንዘብ ይሰጣል› ሲሉን ሄድን። መጀመሪያ 10 በመቶውን ቆጥባችሁ ኑ አሉን። እኔ ጋ ያለው ገንዘብ እጮኛዬ ዓረብ አገር በሰው ቤት እየሠራች አራት ዓመት ሙሉ የላከችው ብቻ ነው። ለቤት መሥሪያ ብላ ነው ያስቀመጠችው። ሳልነግራት ላስገባውና ሲያተርፍ ባስደንቃትስ? በስልክ የማገኛት ዓርብ ማታ ብቻ ነው። ምን ትመክረኛለህ?

ግራ የገባኝ ነኝ፣ ከዘንገና»

ወንድሜ፣ በቅድሚያ ከድንቹ ልጀምር። ሐሳብህ የሚናቅ አይደለም። የአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል በ2001 እ.ኤ.አ. የለቀቀው የድንች ዝርያ ስሙ ማን ይመስልሃል? «ዘንገና»! (አንተ ታውቀው ይሆናል፤ ቺፕስ የሚወዱት የከተማ አንባቢዎቼ ግን መስማታቸው ይህ የመጀመሪያቸው ሳይሆን አይቀርም።) በዓመቱ «ጓሳ» ተከተለ፤ በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከሆለታ «በለጠ» ወጣ። እንግዲህ ምርምሩ ሥራውን ሠርቷል ማለት ነው። ጉዱ ያለው ከምርምር ጣቢያው እስከ ገበሬው ማሳ ባለው መንገድ ላይ ነው። ስንዴ ለአንድ ሄክታር አንድ ተኩል ኩንታል ዘር ቢፈልግ ነው። ድንች ግን ወደ 20 ኩንታል ይጠይቃል! ያን ሁሉ አባዝቶ፣ አስቀምጦ፣ አጓጉዞ የሚያደርስ ሰው ሲጠፋ ገበሬው ከበላው የተረፈውን ትንንሹን እየለቀመ ይተክላል። ያንተ ሥራ የሚገባው እዚህ ክፍተት ላይ ነው።

ግን ቀላል እንዳይመስልህ። አጠውልግ የሚባለው የባክቴሪያ በሽታ ደህና በሚመስል ድንች ውስጥ ተደብቆ ይሄዳል። አፈር ውስጥ ከገባ ደግሞ ዓመታት ይቆያል። ያልተመረመረ ዘር ለጎረቤትህ ከሸጥክ በሽታ ነው የሸጥክለት፤ ስምህም አብሮ ይቀበራል። ሌላው መጋዘኑ ነው። የዘር ድንች በጨለማ ክፍል ከተከመረ ቀጭን፣ ረጅምና ደካማ ቡቃያ ያወጣል። በጎን ብርሃን በሚገባበት ቤት በእንጨት መደርደሪያ ላይ ሳሳ ተደርጎ ሲደረደር ግን አጭርና ጠንካራ ይሆናል። ቀርከሃ በሞላበት አገር መደርደሪያው አያስቸግርህም። መንገዱንም አትርሳ። ክልላችሁ ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ያየውን ታውቃለህ፤ መንገድ ሲዘጋ ድንች «እስኪከፈት ልጠብቅ» አይልም።

ወደ ገንዘቡ ልምጣ። «ይሰጣል» የሚለው ቃል ነው ብዙ ወጣት ያሳሳተው። በ2009 ዓ.ም. የተቋቋመው የ10 ቢሊዮን ብር የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ ስሙ እንደሚለው ተዘዋዋሪ ነው፤ ትወስዳለህ፣ ትመልሳለህ፣ ሌላው ይወስዳል። በእናንተ ክልል ብድሩን ያከፋፈለው በኋላ ጸደይ ባንክ የሆነው አብቁተ ነበር። ብድር ነው ወንድሜ! ድንቹ በሰበሰም አልበሰበሰም ይከፈላል። ስለዚህ አሁንም የቀረበላችሁ ገንዘብ ብድር ይሁን ድጋፍ፣ መክፈያው መቼ እንደሚጀምር፣ አንዱ ቢጠፋ ዕዳው በማን ላይ እንደሚወድቅ ሳታነብ አትፈርም።

አሜሪካኖች በ1982 እ.ኤ.አ. ለትንንሽ ድርጅቶች የምርምር ድጋፍ የሚሰጥ ሕግ አወጡ፤ የግብርና መሥሪያ ቤታቸውም ገባበት። የገረመኝ የገንዘቡ ብዛት አይደለም፤ አሰጣጡ ነው። መጀመሪያ ሐሳቡ ይሠራ እንደሆነ ለመሞከሪያ ትንሽ ይሰጣሉ። ከሠራ ብቻ ነው ከፍ ያለው የሚከተለው። እኛ ጋ ማንም እንዲህ ደረጃ ባያወጣልህ ራስህ አውጣው። አምስታችሁም ካላችሁ ላይ አዋጡ፤ ከአባቶቻችሁ ሩብ ሄክታር ለምኑ። አምስት ኩንታል ንጹሕ ዘር ይበቃችኋል። አንድ ወቅት ዝሩ፣ የዘር ባለሙያ ማሳውን ይይላችሁ፣ ገዢ ፈልጉ። ማን እንደሚሠራና ማን ስብሰባ ላይ ብቻ እንደሚገኝም ያኔ ይለያል! ብድሩ ከዚያ በኋላ ይምጣ።

የልጅቷ ገንዘብ ግን የመዋጮህ አካል አይደለም። አንተ ጋ ተቀመጠ እንጂ ያንተ አልሆነም። «ላስደንቃት» ትላለህ፤ ካተረፈ እሺ ትደነቃለች። ካልሆነስ? አራት ዓመት የሰው ቤት ወለል ጠርጋ ስትመጣ ምን ብለህ ልትቀበላት ነው? «አጠውልግ ገባበት» ልትላት?

ዓርብ ማታ ስትደውልላት ሰላምታውን አሳጥርና ሁሉንም ንገራት፤ ሐሳቡንም፣ ዕዳውንም፣ በሽታውንም። እሺ ካለች ስንት እንደምታስገባ እሷ ትወስን፣ በስሟም በወረቀት ይሁን። እምቢ ካለች ደግሞ አትቀየማት። ሩብ ሄክታሩ እንደሆነ የእሷን ብር አይጠይቅም። ምን እንዳለችህ ጻፍልኝ።