ባለ ሦስት ረድፍ የቤተሰብ አውቶሞቢልና የድሬዳዋ ገዢ

ቤተሰብ የበዛለት ነጋዴ አውቶሞቢል ለመግዛት ሲነሣ አስቀድሞ የሚጠይቀው «ስንት ሰው ይይዛል?» ብሎ ነው። ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን አይበቃም፤ ሰባት ወንበር ያለው መኪና ሁሉ ሰባት ሰው አመቻችቶ ያደርሳል ማለት አይደለምና። በአሁኑ ጊዜ በአገራችን በብዛት ከሚታዩት ባለ ሦስት ረድፍ አውቶሞቢሎች አንዱ ቮልስዋገን አይዲ 6 የተባለው የኤሌክትሪክ መኪና ስለሆነ፣ እርሱን ዋና ምሳሌ አድርገን ለድሬዳዋ ሰው የሚበጅበትንና የማይበጅበትን ነገር በዚህ ዓምድ ልንመረምር አስበናል። ሻጭ የሚናገረው መልካሙን ብቻ ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣውም ወሬ ስለዚያው ቀዝቃዛ አየርና ስለዚያው መንገድ እንጂ ስለ እኛ ሙቀትና ስለ ደንገጎ ዳገት አይነግረንም።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደ ደረሰ በአጭሩ ማስታወስ ያስፈልጋል። በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር የቤት አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። ከዚያ አስቀድሞ የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 በአሮጌ መኪና ላይ ከባድ ታክስ ጥሎ ነበር። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ ዋጋ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የብር ምንዛሪ በጥቂት ወራት ውስጥ ከእጥፍ በላይ ተለወጠ፤ በታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. መጨረሻ ደግሞ የአንድ ሊትር ቤንዚን ዋጋ በአዲስ አበባ ከ100 ብር አለፈ። እንግዲህ ዛሬ አዲስ የቤት መኪና የሚፈልግ ሰው፣ ወደደም ጠላም፣ የኤሌክትሪኩን ጉዳይ ማጥናት ግዴታው ሆኗል።

ሦስተኛ ረድፍ መቀመጫ ለአካባቢያችን አዲስ ነገር አይደለም። የፔጆ ኩባንያ በፈረንጆች ዘመን በ1960ዎቹ ይሠራው የነበረው 404 ከነበሩት ዓይነቶች አንዱ፣ ከኋላ ሦስተኛ ረድፍ ተጨምሮለት «ፋሚሊያል» የሚባለው ነበር። ሐረር በፔጆ 404 ታክሲዎቿ ስሟ እንደሚነሣ ሁሉም ያውቃል። ያን መኪና ለብዙ ዓመታት በሥራ ላይ ያቆየው ምቾቱ አልነበረም፤ የሠፈር መካኒክ በመፍቻና በመዶሻ ሊጠግነው መቻሉ፣ ጎሚስታውም ጎማውን ሳይቸገር መለወጡ ነው እንጂ። ይህን መመዘኛ በልቡናችን ይዘን ወደ አዲሱ እንመለስ።

አይዲ 6 ለቻይና ገበያ ተብሎ በዚያው በቻይና የተሠራ ሲሆን፣ ለሽያጭ የቀረበው እ.ኤ.አ. በ2021 ነው። ርዝመቱ 4 ሜትር ከ88 ሳንቲም ገደማ፣ በፊትና በኋላ እግሮቹ መካከል ያለው ርቀትም 3 ሜትር ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። ስድስት ወይም ሰባት መቀመጫ ያለው ይገኛል። ባትሪው እንደ ዓይነቱ 63.2 ወይም 84.8 ኪሎዋት ሰዓት ኃይል ይይዛል፤ በቻይና በተደረገው ፈተና መሠረትም አንድ ጊዜ ተሞልቶ ከ430 ኪሎ ሜትር ጀምሮ እስከ 600 አካባቢ እንደሚሄድ ተጽፏል። ይህ ቁጥር በፈተና ቤት የተገኘ ስለሆነ፣ ሰባት ሰው ጭኖ፣ ማቀዝቀዣውን ከፍቶ፣ ዳገት ለሚወጣ ሰው ቢያንስ አንድ አምስተኛውን ቀንሶ ማሰብ ይገባዋል።

ደንገጎን እንውሰድ። ከተማችን ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትሆን፣ የሐረርጌ ደጋ ጫፍ 2,000 ሜትር ይጠጋል። መኪናው ባዶውን ከሁለት ቶን በላይ ይመዝናል፤ ሰባት ሰውና ጓዝ ሲጨመርበት ወደ ሦስት ቶን ይቃረባል። ይህን ክብደት 800 ሜትር ወደ ላይ ለማንሣት ብቻ 6 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ኃይል ያስፈልጋል፤ ይህም ከትልቁ ባትሪ 7 በመቶ፣ ከትንሹም 10 በመቶ ማለት ነው። ለመንገዱ ርዝመት የሚወጣው ኃይል ከዚህ ሌላ ነው። ሆኖም 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደምትርቀው ወደ ሐረር ደርሶ መልስ ለሚሄድ ሰው ይህ ሁሉ ተደምሮ የሚያስጨንቅ አይደለም። የኤሌክትሪክ ሞተር ማርሽ ሳይቀያይርና ሳይጨነቅ ስለሚወጣ፣ በዚያ ጠመዝማዛ ዳገት ላይ ከከባድ ካሚዮን ጀርባ ሲጎተት ለኖረ ሹፌር ዕረፍት ነው።

ዋናው ጥቅም ግን በመልሱ ይታያል። ቁልቁለት ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ መኪናውን ይይዛል፤ በዚያውም ባትሪውን ይሞላል። የፍሬን ሸራ በደንገጎ ቁልቁለት ሲግል የሚሰጠውን ሽታ የማያውቅ የድሬዳዋ ሰው የለምና የዚህን ዋጋ ማስረዳት አያሻንም። ሆኖም አንድ ጥንቃቄ አለ፤ ባትሪው እስከ አፉ የተሞላ እንደሆነ የሚመለሰውን ኃይል የሚቀበልበት ቦታ ስለሌለው ይህ ረዳት ፍሬን ይደክማል። ስለዚህ ሐረማያ ወይም ሐረር አድሮ የሚመለስ ሰው ባትሪውን ሙሉ በሙሉ ሳይሞላ ቢነሣ ይሻለዋል።

ስለ ሦስተኛው ረድፍ በግልጽ እንናገር። የልጆች ቦታ ነው። እስከ አሥራ ሁለት ዓመት ያለ ልጅ ተመችቶት ይሄዳል፤ ጎልማሳ ሰው ግን ወለሉ በባትሪው ምክንያት ከፍ ያለ ስለሆነ ጉልበቱን ወደ ደረቱ አጥፎ መቀመጥ ይገደዳል። ለታኅሣሥ ወይም ለሐምሌ ገብርኤል ወደ ቁልቢ፣ ለዒድም ወደ ጅጅጋ ዘመድ ዘንድ የሚሄደውን ቤተሰብ በዓይነ ልቡናችን ብንመለከት፣ አያትን በመካከለኛው ረድፍ አጠገብ አልፈው ወደ ኋላ ይግቡ ማለት የማይታሰብ ነው። እንግዲያው አያትና እናት በመካከል፣ ልጆች በኋላ ይሆናሉ። ይህም ሲሆን ከኋላው መቀመጫ በስተጀርባ የሚቀረው የዕቃ ቦታ ጠባብ ነው፤ የሰባት ሰው ሻንጣ ፈጽሞ አይችልም። ለዕቃው ሲባል ኋለኛው ረድፍ ከታጠፈ ደግሞ መኪናው አምስት ሰው የሚይዝ ተራ መኪና ሆነ ማለት ነው። ሰባት ሰውና ሙሉ ጓዝ አብሮ የሚያጓጉዝ ሰው፣ መልኩ ባያምርለትም፣ አባ ዱላ የሚባለው ሚኒባስ ይሻለዋል። (ብዙ ገዢዎች ሚኒባስን የሚሸሹት ታክሲ እንዳይመስልባቸው እንደሆነ እናውቃለን።)

ሙቀቱ ሌላ ነገር ነው። ጣሪያው ሰፊ መስተዋት የሆነውን ዓይነት የመረጠ ሰው በድሬዳዋ ቀትር ምን እንደሚያገኘው ሳይነገረው አይቀርም። ባትሪውን በሚመለከት ደግሞ፣ የዚህ መኪና ባትሪ ኒኬል ካለባቸው ወገን በመሆኑ፣ ሙሉ ለሙሉ ተሞልቶ በሙቀት ውስጥ ብዙ ቀን ቢቆም ዕድሜው ቶሎ ያጥራል። በአዘቦት ቀን 80 በመቶ ላይ ማቆም፣ ረጅም መንገድ ሲኖር ብቻ በመነሻው ሌሊት መሙላት፣ በግቢም ጥላ መሥራት ያስፈልጋል። ተወዳዳሪው ቢዋይዲ ታንግ፣ እርሱም ባለ ሦስት ረድፍ ሲሆን፣ ብረትና ፎስፌት ያለበት ባትሪ ስላለው ሙቀትንና ሙሉ ሙሌትን በተሻለ ይታገሣል፤ ለቆላ ከተማ ይህ ቀላል ብልጫ አይደለም።

ኃይል መሙላቱን በተመለከተ፣ በራሱ ግቢ 7 ኪሎዋት የሚሰጥ መሙያ ያስተከለ ሰው ትልቁን ባትሪ ከ12 እስከ 13 ሰዓት ይሞላዋል፤ ማታ ሰክቶ ጧት መንቀል ነው። በተራ የግድግዳ መሰኪያ ግን 40 ሰዓት ያህል ይፈጃል። የቤቱ ቆጣሪና ሽቦ ይህን ጭነት መቻሉን አስቀድሞ በባለሙያ ማስመርመር ይገባል፤ በአሮጌ ቤት ሽቦ ላይ 32 አምፔር ሌሊቱን ሙሉ መጫን እሳት መጥራት ነው። በፎቅ ተከራይቶ ለሚኖር፣ መኪናውንም መንገድ ዳር ለሚያሳድር ሰው ይህን መኪና አንመክርም።

ወደ አዲስ አበባ የሚደረገው ጉዞ ዋናው ደካማ ጎኑ ነው። መንገዱ 500 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ የጨርጨር ተራሮችን ወጥቶ እስከ አዋሽ ይወርድና እንደገና ወደ 2,350 ሜትር ከፍታ ይወጣል። ትልቁ ባትሪ እንኳ በአንድ ሙሌት አያዛልቅም። ፈጣን መሙያዎች በብዛት የሚገኙት በአዲስ አበባ በመሆኑ፣ በመንገድ ላይ መብራት ቢጠፋ ቤተሰብ ይዞ ማደር ይመጣል። በየወሩ ለንግዱ ጉዳይ ወደ ዋናው ከተማ የሚመላለስ፣ ሌላ መኪናም የሌለው ነጋዴ ይህን ጉዳይ ደግሞ ደጋግሞ ማሰብ አለበት።

ከተማ ውስጥ በከዚራ ሰፋፊ ጎዳናዎች ላይ ጸጥ ብሎ መሄዱ ደስ ያሰኛል፤ በመጋላ ጠባብ መንገዶች ግን ወርዱና ርዝመቱ ያስቸግራል፤ ባጃጁ በሁሉም ወገን ሲያልፍ እርሱ ቆሞ ይቀራል። ባትሪው ከወለሉ ሥር የተዘረጋ ስለሆነና ከመሬት ያለው ከፍታም ከላንድክሩዘር ስለሚያንስ፣ እንደ ደቻቱ ባለ አሸዋና ድንጋይ የበዛበት ቦታ ይዞት መግባት አይገባም። የፊትና የኋላ ጎማዎቹ ስፋትም እኩል ስላልሆነ አንዱን በሌላው ቦታ መተካት አይቻልም፤ ገዢው ስኮርታ ጎማ መኖር አለመኖሩን አስቀድሞ ይመልከት።

ከዚህ ላይ የነጋዴዎቻችን ኃላፊነት ይመጣል። መኪናው ለቻይና ገበያ የተሠራ በመሆኑ፣ ለገዢው ዋስ የሚሆነው አስመጪው እንጂ ፋብሪካው አይደለም። አስመጪ ሁሉ ባትሪው ምን ያህል ኃይል እንደቀረለት በመሣሪያ ለክቶ፣ ውጤቱን ከዋስትናው ጋር በጽሑፍ ሊሰጥ ይገባል። ጎማ፣ የፍሬን ሸራና መስተዋት በድሬዳዋ አከማችቶ የሚሸጥ አንድ ብርቱ ነጋዴ ቢነሣ፣ ገዢው ለአንድ መስተዋት ሲል አዲስ አበባ ድረስ ከመጻፍ ይድናል፤ ነጋዴውም ያተርፋል። በጭሮ፣ በሚኤሶና በአዋሽ ምግብ ቤትና ሆቴል ያላቸው ነጋዴዎችም ፈጣን መሙያ ቢያስተክሉ፣ መኪናው እስኪሞላ ድረስ የሚቆየው ቤተሰብ ምሳውን የሚበላው በእነርሱ ቤት ነው።

በእኛ አስተያየት፣ የራሱ ግቢ ያለው፣ ልጆች የበዙለት፣ መንገዱም ይበልጡን በድሬዳዋ፣ በሐረርና በሐረማያ መካከል የሆነ ሰው ይህን መኪና ቢገዛ አይጸጸትም። ከመግዛቱ በፊት ግን ገንዘቡን ሳይከፍል ቤተሰቡን ሁሉ አሳፍሮ፣ እርሱ ራሱ በሦስተኛው ረድፍ ተቀምጦ፣ በቀትር ደንገጎን ወጥቶ ይመለስ። ሻጩ ይህን አልፈቅድም ካለ ሌላ ሻጭ መፈለግ ነው።