ስለ ጥራጊ መድፊያና ስለ ሕዝብ መናፈሻ

ከተማ በሰፋ ቍጥር ጥራጊው ይበዛል፤ ጥራጊው የሚደፋበትም ስፍራ አስቀድሞ በዳር የነበረ ሲሆን ከጥቂት ዘመን በኋላ በመንደር ተከቦ ይገኛል። በአዲስ አበባ በረጲ በኩል ያለው፣ ሕዝቡ ቆሼ ብሎ የሰየመው ስፍራ የደረሰበት ነገር ይኸው ነው። 50 ዓመት ያህል የከተማው ጥራጊ ሲከመርበት ኖሮ፣ መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ክምሩ ተንዶ ከግርጌው የነበሩትን ቤቶች ስለ ተጫናቸው ከ110 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። ከእነዚህም ብዙዎቹ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ።

እንዲህ ያለውን ስፍራ የሕዝብ መናፈሻ ማድረግ የተገባ አሳብ ነው። ነገር ግን ላዩን አፈር አልብሶ ችግኝ መትከል ብቻውን አይበቃም። ከሥር የተቀበረው ጥራጊ እየበሰበሰ ለብዙ ዓመት እሳት የሚይዝ ጋዝ ያወጣል፤ ዝናምም በውስጡ አልፎ ሲወርድ መርዛም ፍሳሽ ሆኖ ወደ ወንዝ ይገባል፤ ተዳፋቱም ካልተስተካከለ እንደ ገና መናዱ አይቀርም። ከአደጋው በኋላ በጃፓን መንግሥት እርዳታ በቆሼ የተጀመረው ሥራ በፉኩዎካ ከተማ ስም የሚጠራ ሲሆን፣ ብልሃቱ እጅግ የረቀቀ አይደለም። ቀዳዳ ያላቸው ቧንቧዎች በክምሩ ውስጥ ይዘረጋሉ፤ ፍሳሹ በእነርሱ ይወጣል፣ ነፋስም በእነርሱ ይገባል፣ ጥራጊውም ቶሎ በስብሶ ይረጋል። ይህ ሥራ ለዓይን አያምርም፤ ሹምም ሪባን አይቈርጥበትም፤ ሆኖም መናፈሻ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

በግብፅ ዋና ከተማ በካይሮ፣ ከአል አዝሐር መስጊድ አጠገብ፣ 500 ዓመት ያህል ጥራጊና ፍርስራሽ ሲደፋበት የኖረ ኮረብታ ነበረ። እንደ ኤውሮፓ አቈጣጠር በ1984 ዓ.ም. አጋ ካን ለከተማው መናፈሻ ሊያበረክቱ አሰቡ፤ 30 ሄክታር የሚሆነው መናፈሻ የተከፈተው ግን በ2005 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ 3 ታላላቅ የከተማ ውሃ ማጠራቀሚያዎች በመሬቱ ውስጥ ተሠሩ፤ አፈሩ ጨው የበዛበት ስለ ነበረ ከመልካም አፈር ጋር ተደባለቀ፤ ሲቈፈርም ሳላሕዲን ያስጀመረው የጥንት ግንብ ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ተገለጠ። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ሊመሰገን የሚገባው ግን፣ በጎኑ ያለው የደርብ አል አሕመር መንደር ድሆች ለውበት ሲባል አለመነቀላቸው ነው። ብዙ ቤቶች ታደሱ፤ ከነዋሪዎቹም በሥራው የተቀጠሩ ነበሩ። የመግቢያው ዋጋም ለመናፈሻው መጠበቂያ ይውላል።

በቆሼም ብረትና ፕላስቲክ እየለቀሙ ልጅ ያሳደጉ ሰዎች አሉ። የቱ ስፍራ እንደሚጨስ፣ የቱም እግር እንደሚያሰምጥ ከመሐንዲስ ባላነሰ ያውቃሉ። መናፈሻው በአጥር ከልሎ የሚያስወጣቸው ከሆነ ሁለተኛ መዓት ይሆንባቸዋል፤ ጥበቃውና ችግኝ ማፍላቱ ግን ለእነርሱ ቢሰጥ እንጀራቸው አይጐድልም።

ደግሞም አንዱ ስፍራ ሲዘጋ ጥራጊው ወዴት እንደሚሄድ አስቀድሞ መታወቅ አለበት። በ2008 ዓ.ም. ወደ ሰንዳፋ ቢወሰድ ገበሬዎቹ ተቃውመው ወደ ቆሼ ተመልሷል፤ በገበሬዎቹም አይፈረድም።

ካህናት በዚህ ነገር ከማንም ይልቅ የሚመሰክሩት አላቸው። በሰሜን ኢትዮጵያ ብዙው ደን ሲመነጠር በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ጽዱና ወይራው የቀረው ጠባቂ ስላለው ነው። ስለዚህ ማዘጋጃ ቤቱ ለችግኝ ገንዘብ በሚመድብበት መዝገብ የ10 ዓመት የውሃ ዋጋና የአትክልተኛ ደመወዝ አብሮ ሊጽፍ ይገባዋል። ከስፍራውም አንዱ ጥግ መጋቢት 2 ቀን ለሞቱት ተለይቶ ስማቸው በድንጋይ ላይ ቢቀረጽ፣ ቤተ ሰቦቻቸው በየዓመቱ መጥተው የሚቆሙበት ያገኛሉ።