ኮምፒዩተር በሌለበት ቤት የኮምፒዩተር ትምህርት

በማሻና በመካነ ሰላም ዙሪያ ባለው ደጋ አገር ልጁ ለ9ኛ ክፍል የደረሰለት ወላጅ የሚያደርገው የታወቀ ነው። ከከተማው አንዲት ክፍል ቤት ይከራይለታል፤ ስንቁንም እያስያዘ ይሰደዋል። ልጁ ለዕረፍት ሲመለስ ይዞአቸው ከሚመጣው መጻሕፍት አንዱ ኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ የሚባለው ነው። ይህ መጽሐፍ ከ2015 ዓ. ም. ጀምሮ መሰጠት በጀመረው በአዲሱ ሥርዓተ ትምህርት የተሰናዳ ሆኖ ስለ ኮምፒዩተር አሠራር፥ ስለ መረብ፥ ስለ ፕሮግራም አጻጻፍም ያስተምራል፤ የተጻፈውም በእንግሊዝኛ ነው። አባት መጽሐፉን ገልጦ ሥዕሉን ካየ በኋላ «ይህን መኪና በእጅህ ነክተኸው ታውቃለህን?» ብሎ ይጠይቃል። መልሱ በብዙ ቤት አንድ ዓይነት መሆኑን እናውቃለን።

ከዚህም የተነሣ «በሬ ሸጬ ላፕቶፕ ልግዛለትን፥ ወይስ ይቅር?» የሚለው ነገር በየቤቱ የሚመከርበት ሆኗል። ጉዳዩ በቀላሉ የሚታይ አይደለም። በ2016 ዓ. ም. የ12ኛ ክፍል አገር አቀፍ ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ ለከፊሎቹ ተፈታኞች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል፤ በተከታዩም ዓመት ይኸው መንገድ ቀጥሏል። እንግዲህ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በእርሳስና በደብተር የተማረ ልጅ የፊዚክሱን ጥያቄ ጠንቅቆ እያወቀው፥ በመስተዋቱ ላይ የምትሮጠውን ቀስት ወዴት እንደሚነዳት ባለማወቁ ብቻ ሰዓቱ ሊያልፍበት ይችላል ማለት ነው። የወላጅ ጭንቀት ከዚህ የመነጨ ስለ ሆነ የሚነቀፍ አይደለም።

እኛ ግን በሬው ከመሸጡ አስቀድሞ አንድ ነገር ተለይቶ እንዲታወቅ እንወዳለን። በዚህ ትምህርት ውስጥ ሁለት ዕውቀቶች ተጣምረው ይገኛሉ። አንደኛው የእጅ ዕውቀት ነው፤ መክፈትና መዝጋት፥ ፊደል መምታት፥ የጻፉትን በስሙ ማስቀመጥና መልሶ ማግኘት። ይህ መኪናው ከሌለ የሚገኝ አይደለም፤ ነገር ግን መኪናው በተገኘ ጊዜ ፈጥኖ የሚለመድ ነው። ሁለተኛው የልብ ዕውቀት ነው፤ ይኸውም አንድን ሥራ ከፋፍሎ፥ ቅደም ተከተሉን አሰናድቶ፥ ከቶ ማሰብ የማይችል አገልጋይ እንኳ ሳይሳሳት እንዲፈጽመው አድርጎ ማዘዝ ነው። ባለሙያዎች አልጎሪዝም የሚሉት ይህን ነው። ቃሉ የወጣው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ9ኛው መቶ ዘመን በባግዳድ ይኖር ከነበረው ከሒሳብ ሊቅ ከአል ኽዋሪዝሚ ስም ነው፤ በዚያ ዘመን ደግሞ ኮምፒዩተር አልነበረም። ይህን ሁለተኛውን ዕውቀት ለማስተማር ኤሌክትሪክ አያስፈልግም።

ለማስረጃው ሩቅ አንሄድም። በውጭ አገር ያሉ የፕሮግራም ጸሐፊዎች «የኢትዮጵያ ማባዛት» ብለው የሚጠሩት አንድ የሒሳብ ዘዴ አለ፤ ሮዜታ ኮድ በሚባለው የፕሮግራሞች መዝገብም በዚሁ ስም ተመዝግቦ በብዙ የኮምፒዩተር ቋንቋዎች ተጽፎ ይገኛል። የጥንት ግብፃውያንና የሩስያ ባላገሮችም ያውቁት ስለ ነበረ ለብቻችን ነው አንልም። ዘዴው ለሁለት መክፈልንና እጥፍ ማድረግን እንጂ ሌላ ማባዛት አይጠይቅም። 13 በጎች እያንዳንዳቸው በ24 ብር ተሸጡ እንበል (ዋጋው የዱሮ መሆኑን አንባቢ ይወቅልን)። በግራ 13ን፥ በቀኝ 24ን ይጽፋሉ። ግራውን በየጊዜው ለሁለት እየከፈሉ የተረፈውን ይጥላሉ፤ 13፥ 6፥ 3፥ 1 ይሆናል። ቀኙን በየጊዜው እጥፍ ያደርጋሉ፤ 24፥ 48፥ 96፥ 192 ይሆናል። ከዚያ በኋላ በግራው ተጋማሽ ቍጥር ያለበትን መሥመር፥ ማለት የ6ን፥ ከነጓደኛው ከ48 ይሰርዛሉ። በቀኝ የቀሩት 24ና 96ና 192 ሲደመሩ 312 ይሆናሉ፤ 13 ጊዜ 24ም ይኸው ነው።

ልጁ «ይህ ስለ ምን ልክ ይመጣል?» ብሎ የጠየቀ እንደ ሆነ ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው። በግራ በኩል ጎደሎ ቍጥር ባለበት መሥመር 1፥ ተጋማሽ ባለበት መሥመር 0 ይጻፍና ከታች ወደ ላይ ያንብበው፤ 1101 ያገኛል። ኮምፒዩተር 13ን በሆዱ የሚይዘው በዚህ መልክ ነው፤ አንድ 8፥ አንድ 4፥ ባዶ 2፥ አንድ 1። የሁለት ቤት አቈጣጠር የሚባለው፥ በመጽሐፉ ውስጥ በእንግሊዝኛ ሲነበብ ልጁን የሚያስፈራው ነገር፥ በበግ ንግድ ውስጥ ተሰውሮ ተቀምጦ ነበር።

ይህንኑ ነገር በካርድ ለማስተማር የኒው ዚላንድ ሰዎች ያሰናዱት ጨዋታ አለ። በካንተርበሪ ዩኒቨርሲቲ ያሉት ቲም ቤልና ባልንጀሮቻቸው እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ከ1990ዎቹ ጀምሮ ያለ ኮምፒዩተር የሚሰጥ የኮምፒዩተር ትምህርት አዘጋጅተው ያለ ዋጋ ለዓለም አስተማሪዎች ሰጥተዋል። ስሙም አንፕላግድ ይባላል፤ ከኤሌክትሪክ የተነቀለ ማለት ነው። አምስት ቍራጭ ካርቶን ተወስዶ በአንዱ 16፥ በሁለተኛው 8፥ በሦስተኛው 4፥ በአራተኛው 2፥ በአምስተኛው 1 ነጥብ ይደረግበታል። ቀለም የሌለው ሰው ባቄላ ቢያጣብቅበት ያው ነው። አምስት ልጆች በተራ ቆመው ካርዱን በመግለጥና በመሸፈን ከ0 እስከ 31 ያለውን ቍጥር ሁሉ ሊያሳዩ ይችላሉ። ዕድሜዋን መናገር የማትወድ እመቤት በእነዚህ ካርዶች ብትናገር ምስጢሯ ካልተማረው ጎረቤት ይጠበቅላታል፤ ከ31 ዓመት ለምትበልጠው ግን 32 ነጥብ ያለው ስድስተኛ ካርድ መጨመር ግድ ነው።

ከዚያ ቀጥሎ ፍለጋን ማስተማር ይገባል። አባት ከ1 እስከ 1000 ካለው አንድ ቍጥር በልቡ ይያዝ፤ ልጁ «ከ500 ይበልጣልን?» እያለ በየጊዜው ግማሹን እየጣለ ቢጠይቅ ከ10 ጥያቄ በላይ አያስፈልገውም። መዝገበ ቃላት ስንገልጥ የምናደርገውም ይኸው ነው፤ ነገር ግን ይህ የሚሆነው ቃሎቹ በተራ ከተቀመጡ፥ ፈላጊውም ተራውን ካወቀ ብቻ ነው። የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ መዝገበ ቃላት በአበገደ ተራ የተሰናዳ በመሆኑ ሀለሐመ ብቻ የሚያውቅ ልጅ ሲያገላብጥ ይውላል። በዚህ ምሳሌ ልጁ ነገርን በሥርዓት ማስቀመጥ ምን ዋጋ እንዳለው ከማናቸውም ሐተታ ይልቅ ይረዳዋል።

የባሕረ ሐሳብ ዕውቀት ባለበት ቤት ደግሞ ከዚህ የበለጠ መልመጃ አለ። የ2018ን ዓ. ም. ብንወስድ፥ 5500 ሲጨመርበት ዓመተ ዓለም 7518 ይሆናል። ይህ ለ19 ተገድፎ የሚቀረው 13 ነው፤ አንድ ሲቀነስ ወንበሩ 12 ይሆናል። ወንበሩ በ11 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ አበቅቴው 12፥ በ19 ተባዝቶ ለ30 ሲገደፍ መጥቅዑ 18 ነው። መጥቅዑ ከ14 ከበለጠ በዓለ መጥቅዕ በመስከረም፥ ካነሰ በጥቅምት ይውላል። 18 ስለ ሆነ መስከረም 18 ነው፤ ዕለቱም እሑድ ነበርና የእሑድ ተውሳክ 7 ሲጨመርበት 25 ይሆናል፤ ጾመ ነነዌም ጥር 25 ገባ፤ ፋሲካውም ሚያዝያ 4 ቀን ዋለ። በዚህ ውስጥ ቀሪን መያዝ አለ፤ «እንዲህ ከሆነ ወዲህ፥ ካልሆነ ወዲያ» የሚል ትእዛዝ አለ፤ የአንዱን ሥራ ውጤት ለሌላው ሥራ ማቀበል አለ። የፕሮግራም አጻጻፍ መጽሐፍ የመጀመሪያ ምዕራፎቹ የሚያስተምሩት እነዚህን ነው። አበቅቴና መጥቅዕ ሲደመሩ 30 መሆን ስላለባቸው ልጁ የሠራውን ራሱ ሊፈትን ይችላል፤ ለተማሪ ይህ እጅግ የሚጠቅም ልማድ ነው። የእስላም ቤተ ሰብ ልጅም የሒጅራን አቈጣጠር፥ በ30 ዓመት ውስጥ 11 ጊዜ አንድ ቀን የሚጨመርበትን፥ በዚሁ መንገድ ሊሠራው ይችላል።

እንግዲህ መኪናው በተገኘ ጊዜ ምን ይጫንበት? ከ2015 ዓ. ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የእጅ ስልክ ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ እንደ ነበረ የሚረሳ የለም፤ ትምህርትን በመረቡ ላይ ብቻ ማንጠልጠል የማይገባ መሆኑን ያ ጊዜ አሳይቶናል። ኮሊብሪ የሚባለው ያለ ዋጋ የሚገኝ ፕሮግራም መልመጃዎችንና የሥዕል ትምህርቶችን በአንድ ኮምፒዩተር ላይ አከማችቶ በክፍሉ ውስጥ ላሉት ለሌሎቹ ያለ ኢንተርኔት ያድላል። በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2007 የወጣው ስክራች ደግሞ ልጆች ትእዛዞችን እንደ ሸክላ እየደረደሩ ፕሮግራም የሚሠሩበት ነው፤ በአማርኛም ይገኛል፤ አንድ ጊዜ ከተጫነ በኋላ መረብ አይፈልግም። የኛ ፊደል እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ1999 ዩኒኮድ በሚባለው የዓለም የፊደል መዝገብ ባይገባ ኖሮ ይህ ሁሉ ባልተመቸ ነበር። ልጅ ነገሩን አስቀድሞ በአማርኛ ከተረዳው እንግሊዝኛው ስም መማር ብቻ ይሆንለታል። በሐምሌ 2016 ዓ. ም. የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ትምህርትም ያለ ዋጋ የሚሰጥ መልካም ነገር ነው፤ ነገር ግን መረብ ይጠይቃልና ለከተማ ልጅ ይቀናል።

መሣሪያ ብቻውን ያስተምራል የሚሉም አሉ። በ2004 ዓ. ም. አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ የሚባለው የውጭ ማኅበር በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ ሁለት መንደሮች የመስተዋት ሰሌዳዎች በካርቶን እንደ ታሸጉ ሰጥቶ ነበር። መሪው ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ እንደ ተናገሩት፥ ልጆቹ ያለ አስተማሪ ከፍተው ተጫወቱበት፤ በአምስት ወርም ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ለመክፈት በቁ። የልጆቻችን ብልኀት ያስደስታል፤ ነገር ግን ካሜራ መክፈት ፕሮግራም መጻፍ አይደለም። ከዚያ በፊት በ1997 ዓ. ም. በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የገባው ፕላዝማም ይታወሰናል። ትምህርቱ በሳተላይት ከአዲስ አበባ ይመጣ ነበር፤ በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ያልፋል፤ ያልገባው ተማሪ ሊያስቆመው አይችልም፤ መብራት ከጠፋም የዕለቱ ትምህርት ከነጭራሹ ይቀራል። አስተማሪውም በገዛ ክፍሉ ተመልካች ሆነ። ያን ሁሉ ዕቃ የገዛ ገንዘብ በከፊሉ አስተማሪ ለማሠልጠን ቢውል ይሻል ነበር ብለን እናምናለን።

ስለ በሬው የተጠየቀውን እንመልስ። ለአንድ ልጅ ብቻ ላፕቶፕ ለመግዛት የእርሻ በሬ መሸጥ አይገባም። ይልቁንስ በአንድ ሰፈር የተከራዩ የስምንት ወይም የዐሥር ልጆች ወላጆች ዕቁብ ገብተው አንድ ያገለገለ ኮምፒዩተር ቢገዙ፥ ልጆቹም በተራ ቢሠሩበት ለፈተናው የሚሆነው የእጅ ልምድ ይገኛል። ኤሌክትሪክ ለማይበረክትበት ቦታ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር በ2012 በእንግሊዝ አገር ለተማሪዎች የወጣው ራስበሪ ፓይ የሚባለው መዳፍ የማትሞላ ኮምፒዩተር አለ፤ የሚፈጀውም ከ10 ዋት የሚያንስ ስለ ሆነ በትንሽ የፀሐይ ኀይል ይሠራል፤ መስተዋትና የፊደል መምቻ ግን ለብቻ ይገዛለታል።

አሁን ንግግራችን በሥልጣን ላይ ወዳሉት አንባቢዎቻችን ነው። በብዙ ትምህርት ቤት ኮምፒዩተር የለም ሲባል ከቶ የለም ማለት አይደለም፤ ክፍሉ ተቆልፎበታል ማለት ነው። የሚቆልፈውም ሰው ክፉ ሆኖ አይደለም። ዕቃውን በስሙ ፈርሞ ተረክቧል፤ አንድ ነገር ቢሰበር ከደመወዙ ይከፍላል፤ ባይከፈት ግን የሚጠይቀው የለም። እንዲህ ያለ ደንብ ባለበት አገር ኮምፒዩተር አቧራ ይጠጣል እንጂ ተማሪ አያስተምርም። ስለዚህ በትምህርት ላይ የተሰበረ ዕቃ በሦስት ሰዎች ምስክርነት ከመዝገብ የሚሰረዝበት፥ ክፍሉም በሳምንት ስንት ሰዓት እንደ ተከፈተ ተጽፎ ለወረዳው የሚቀርብበት አንድ ገጽ መመሪያ ቢወጣ፥ ከአዲስ ዕቃ ግዢ ይልቅ ይጠቅማል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም ከቱሉ አውሊያ ሌላ በመካነ ሰላም ግቢ ስላለው፥ የኮምፒዩተር ዕውቀት ያላቸው ደቀ መዛሙርቱ ለሁለተኛ ደረጃው አስተማሪ በሳምንት አንድ ቀን ረዳት ቢሆኑ መንገዱ አጭር ነው። ክፍሉ የሚከፈትበት ቀን የገበያ ቀን የሆነ እንደ ሆነም ስንቅ ሊያደርሱ የሚመጡት ወላጆች ገብተው የልጆቻቸውን ሥራ ለማየት ይችላሉ።