እሳት የተወውን ሐፍረት ሲያጠፋው

አየርላንድ ውስጥ የቅድመ አያቱን ስም ፍለጋ የተነሣ ሰው ሁሉ የሚያዝንበት አንድ ቀን አለ። እ.ኤ.አ. ጁን 30 ቀን 1922፣ የእርስ በርስ ጦርነቱ በተጀመረ በሦስተኛው ቀን፣ ደብሊን የነበረው የአገሪቱ ቤተ መዛግብት በፍንዳታና በእሳት ወደመ። በ1821 እና በ1851 መካከል የተካሄዱት የሕዝብ ቆጠራዎች ወረቀት አብዛኛው አመድ ሆነ። ከ1836 በፊት ወደ አውስትራሊያ የተላኩት ግዞተኞች መዝገቦችም አብረው ነደዱ።

ያም ሆኖ ከዚያ ዘመን ድሆች መካከል የዓይናቸው ቀለም ሳይቀር ተጽፎ የቆየልን ግዞተኞቹ ናቸው። “ክዊን” የተባለችው መርከብ በ1791 ከኮርክ ከተነሣች ወዲህ ወደ 40 ሺሕ የሚጠጉ ሰዎች ከአየርላንድ በቀጥታ ወደ አውስትራሊያ ተግዘዋል። በ1798 በእንግሊዝ አገዛዝ ላይ በተነሣው ዓመፅ የተሳተፉ ነበሩባቸው፤ ብዙዎቹ ግን በግ ወይም ጨርቅ ሰርቀው የተያዙ ናቸው። ፍርዱ አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ዓመት፣ ዐሥራ አራት ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ነበር። የሰባት ዓመቱም ቢሆን ለአብዛኛው እስከ ሞት የዘለቀ ነው፤ ቅጣቱን ለጨረሰ ሰው የመመለሻ መሳፈሪያ የሚከፍልለት መንግሥት አልነበረምና።

አውስትራሊያ ውስጥ አሳሪው እስረኛው እንዳይጠፋበት ሁሉን ጻፈ፤ ቁመቱን፣ ሙያውን፣ የተወለደበትን አውራጃ፣ በክንዱ ላይ ያለውን ንቅሳት። ፓትሪክና ሜሪ የሚባሉት ከመብዛታቸው የተነሣ ሰውየው ከነመጣበት መርከብ ስም ይመዘገብ ነበር። ስለዚህ ፈላጊ መጀመሪያ ማግኘት ያለበት መርከቧንና የደረሰችበትን ዓመት ነው። እነዚህ ከታወቁ የሥራ ፈቃዱ፣ የነፃነት ወረቀቱ፣ የጋብቻና የሞት መዝገቡ ተራ በተራ ይገኛሉ። ዩኔስኮ በ2007 እነዚህን የአውስትራሊያ መዝገቦች በዓለም የትዝታ ቅርስነት መዝግቧቸዋል። አየርላንድም በ1988 ከእሳት ለተረፉት የግዞት ሰነዶች በኮምፒውተር የተዘጋጀ ማውጫ ሠርታ ለአውስትራሊያ በስጦታ ሰጥታለች።

ከእነዚህ ሁሉ ልብ የሚነካው ግን አቤቱታው ነው። ባሏ የተፈረደበት ሴት ልጆቿን ይዛ ምሕረት ትለምናለች፤ ምሕረቱ ሲቀር እሷንም ወደ እሱ እንዲልኳት ትጠይቃለች። የአካባቢው ሰዎች፣ አንዳንዴም ቄሱ፣ “ደግ ሰው ነው” ብለው ይፈርሙላታል። የፍርድ መዝገቡ ሌባ ብሎ ያለፈውን ሰው እዚህ ባልና አባት ሆኖ እናገኘዋለን።

እንዲህ ያለ ሀብት እያለ ብዙ የአውስትራሊያ ቤተሰቦች ለትውልዶች አልፈለጉትም። አያት ግዞተኛ መሆኑ ነውር ነበርና “በፈቃዱ የመጣ ሰፋሪ ነው” እየተባለ ለልጅ ተነገረ። ስም ተቀየረ፤ የመርከቧ ነገር ተዳፈነ። በእኔ እምነት ይህ ዝምታ ከደብሊኑ እሳት የከፋ ጉዳት ነው። እሳቱ ወረቀት አጠፋ፤ ዝምታው ግን አያቱን የሚያውቁ ሰዎች በሕይወት እያሉ ትዝታቸው እንዳይጠየቅ አደረገ። እነሱ ከሞቱ በኋላ የትኛውም መዝገብ አይተካቸውም።

ባለፉት 50 ዓመታት ነገሩ ተገልብጦ የግዞተኛ ዘር መሆን መኩሪያ ሆኗል። ሐፍረቱ መውደቁ ደስ ያሰኘኛል። ነገር ግን ኩራትም የራሱ መሸፈኛ አለው። በረሀብ በግ የሰረቀ እንዳለ ሁሉ ሰው ገድሎ የተጋዘም አለ። ነፃ ከወጡት መካከል መሬት ያገኙት ደግሞ ያገኙት ከአገሬው ነባር ሕዝብ የተነጠቀ መሬት ነው። የተበደለ ሰው ልጅ ነኝ የሚል የበዳይም ልጅ ሊሆን ይችላል። የዘር ሐረግ የሚቆጥር ሰው ሁለቱንም ለመስማት መድፈር አለበት።

እኛም ሰባት ቤት ቆጥረን የምንኮራ ሕዝብ ነን። ስንቆጥር ግን ባላባቱንና አርበኛውን አንሥተን የታሰረውን፣ የተሰደደውን፣ ስሙ እንዳይነሣ የተባለውን እንዘላለን። አንባቢ ሆይ፣ በቤትህ እንዲህ የተዘለለ ሰው ካለ ሽማግሌዎቹ ሳያልፉ ጠይቅ። ስሙን፣ የተከሰሰበትን ነገርና የተወሰደበትን ቦታ ጻፍ። ፍርዱን ለልጆችህ ተው፤ እውነቱን ግን አትንፈጋቸው።