ወደ ላይ መሸሻ የሌለው ተክል

ደሴት ሲባል ብዙዎቻችን በውሃ የተከበበ መሬት ብቻ ይመስለናል። ነገር ግን የረዥም ተራራ ራስም ደሴት ነው፤ የሚከበው ግን ውሃ ሳይሆን ሙቀት ነው። ውርጭ የለመደ ተክል ቆላውን አቋርጦ ወደ ሌላ ተራራ ሊሻገር አይችልም። ተራራው ራሱ በባሕር መካከል ሲሆን ደግሞ እስራቱ እጥፍ ይሆናል።

ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን ሃሌአካላ ነው። ይህ ተራራ ከሃዋይ ደሴቶች አንዷ በሆነችው በማዊ ላይ 3,055 ሜትር ከፍ ብሎ ይታያል። በባሕሩ ዳር ዓመቱን ሙሉ ሙቀት ሳለ፣ በራሱ ላይ ሌሊት ውርጭ ይወርዳል። በ2,000 ሜትር ገደማ ሞቃት አየር እንደ ድስት ክዳን ተዘርግቶ ደመናውን ከታች ስለሚያስቀረው ከዚያ በላይ ያለው ስፍራ ደረቅ ነው።

በዚያ ጠጠር ላይ አሂናሂና የሚባል ተክል ይበቅላል። ቅጠሉ እንደ ሰይፍ የሾለ፣ ብርማ ጠጕር የለበሰ ነው። አያሌ ዓመታት ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፤ ዘሩን በትኖም ይሞታል። የስሜን ተራሮቻችን ጅባራም እንዲሁ አንድ ጊዜ አብቦ ይሞታል። ሁለቱ ዘመዳሞች አይደሉም፤ ያመሳሰላቸው የቀን ፀሐይና የሌሊት ብርድ ነው።

አሂናሂናን ሰዎች ለመታሰቢያ እየነቀሉ፣ ፍየልና ከብትም እየበላ ሊያጠፉት ተቃርበው ነበር። ኋላ ግን መንቀል ስለ ተከለከለና በአጥር ስለ ተጠበቀ እንደገና በረከተ። ዳሩ ግን እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ ወዲህ ያ የአየር ክዳን አዘውትሮ በመዘርጋቱ ዝናቡ አነሰ፤ ይልቁንም በታችኛው ወገን ያሉት ተክሎች በብዛት ደረቁ።

አንዳንዶች «ለምግብ የማይሆን ተክል ቢጠፋ ምን ይጎድለናል?» ይላሉ። ሌሎችም «አጥር ድርቅን ካላገደ ድካሙ ከንቱ ነው» ይላሉ። በእኔ አስተያየት ሁለቱም አይገባቸውም። የሃሌአካላው አሂናሂና ከዚያ ተራራ በቀር በዓለም ላይ ሌላ አገር የለውም፤ ከጠፋ ከየትም አይመጣም። አጥሩ ባይኖር ኖሮ ደግሞ ዛሬ የምናዝንለት ተክል እንኳ ባልተረፈ ነበር።

ስለዚህ እጃችን የሚደርስበትን አስቀድመን እንጠብቅ። የአየሩ መለወጥ ከአንድ ሰው ኃይል በላይ ቢሆንም፣ ጅባራውን አለመቁረጥ፣ ከብትንም ከተራራው ራስ መመለስ ግን ከኃይላችን በላይ አይደለም። አባቶቻችን «ሳይቃጠል በቅጠል» ያሉት ለዚህ ጊዜም ይሆናል።